ለእህቴ ልጅ፣ ስለዚያኛው ቀበሌ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ የእህቴ ልጅ፤

  እናትሽ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ሰላም ናት፤ ነጋ ጠባ «ልጄ ትበላለች ወይ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

የላክሽልኝን ረጅም መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ደውዬ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ በስልክ ሲወራ ግማሹ ይረሳል። በዚያ ላይ ከአማካሪሽ ፊት ስትቀመጪ እጅሽ ላይ የተጻፈ ነገር ቢኖር ልብሽ ይረጋል ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልሽ። የምጠቅስልሽን ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጊያቸው።

ስለ ነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ ለምትሠሪው የማስተርስ ጥናት ከተሞሉት ቅጾች ልጀምር። ከዳታ ሰብሳቢዎቹ አንዱ የመጨረሻውን ቀበሌ ሳይረግጥ ቅጾቹን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቷል ብለሽ ጠርጥረሻል። አማካሪሽ ደግሞ «ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱን አይቀይሩትም፤ እለፊው» አሉሽ። የላክሽልኝን ፋይል ከፍቼ አየሁት። ጥርጣሬሽ ልክ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ በራስሽ ዓይን ማየት አለብሽና።

ከሰው አፍ የተቀዳ መጠይቅ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ገጠር ያለች እናት ዕድሜዋን ስትጠየቅ 25 ትላለች፣ ወይ 30፣ ወይ 35። 27 ወይም 33 ነኝ የምትል ጥቂት ናት። ስለዚህ እውነተኛ የገጠር ዳታ ላይ ዕድሜ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከምሮ ታገኝዋለሽ። ክፍል ውስጥ ይህን እንደ ጉድለት ነው የሚያስተምሩን፤ ጉድለትም ነው። ለእኔ ግን ሰው ከሰው ፊት ተቀምጦ እንደጠየቀ ከሚመሰክሩልኝ ምልክቶች አንዱ ነው። የሌሎቹ ቀበሌዎች ዳታሽ ላይ ክምሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጨረሻው ቀበሌ ላይ ግን 23፣ 28፣ 31፣ 26፣ 34 እያለ ይሄዳል። ዳታ ሰብሳቢው ልጅ እንዳይነቃበት ብሎ ቁጥሩን በትኖታል።

«አላውቅም» የሚለውን መልስም ፈልጊ። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ እናት በየቀበሌው አለች፤ እዚያኛው ቀበሌ ግን ሁሉም ያስታውሳሉ። «በዚህ እርግዝና የቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምረሻል?» የሚለውን ደግሞ እዪው። «አዎ» ከተባለ አንድ ሙሉ ገጽ ጥያቄ ይከተላል፤ «አልጀመርኩም» ከተባለ ገጹ ይዘለላል። እዚያ ከሞላ ጎደል ሁሉም «አልጀመርኩም» ብለዋል። ቅጽ ከሐሳቡ የሚሞላ ሰው አጭሯን መንገድ ይመርጣል። ታብሌቱም ቅጹ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት መዝግቧል፤ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከጣት ደም ተወስዶ፣ በሄሞኩ መሣሪያ ሄሞግሎቢኗ ተለክቶ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ በስድስት ደቂቃ አያልቅም። አሁንም ልብሽ ካልሞላ የሄሞኩውን ኩቬቶች፣ ደሙ የሚቀዳባቸውን ትንንሽ ዕቃዎች፣ ቁጠሪ። አንዱ ኩቬት ለአንድ ሰው ነው፣ አይደገምም። ለልጁ የሰጠሽው፣ እሱ የመለሰልሽና ቅጹ ላይ የሰፈረው ካልገጠሙ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ይህ የእኛ አገር የአበልና የመንገድ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው ስመ ጥር ቤተ ሙከራ ያን ሄንድሪክ ሾን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ተመራማሪ ነበረ። ሥራዎቹ «ሳይንስ» እና «ኔቸር» ላይ በላይ በላዩ ይወጡለት ስለነበር ኖቤል አይቀርለትም ይባል ነበር። በ2002 ሌሎች ተመራማሪዎች ግራፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ፣ የተለያዩ ናቸው በተባሉ ሙከራዎች ላይ ያው አንድ ዓይነት የመሣሪያ መንቀጥቀጥ እየተደገመ አገኙ። ተፈጥሮ ደግሞ ጫጫታዋን እንዲያ አትደግምም። ጥሬ ዳታህን አምጣ ሲባል ኮምፒውተሩ ቦታ ስለሞላበት እንዳጠፋው ተናገረ፤ በአግባቡ የተያዘ የቤተ ሙከራ ማስታወሻ ደብተርም አልነበረውም። በዚያው ዓመት ከሥራ ተባረረ፤ ጽሑፎቹ ተሰረዙ፤ ዶክትሬቱን የሰጠው የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲም በኋላ ማዕረጉን ነጠቀው። ስለዚህ ጥሬ ፋይልሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው፤ አንዱን ቅጂ እኔ ጋ አስቀምጪ።

አሁን «ጥቂት ናቸው» ወደሚለው ልመለስ፤ በጣም ያስቆጣኝ እሱ ነውና። በሐሰት የሚሞሉ ቅጾች እንደ ዕጣ እዚህም እዚያም አይወድቁም። ማንም ዳታ ሰብሳቢ አስፋልቱ ዳር ያለችውን እናት አይዘልላትም። የሚዘለለው ወንዝ ማዶ ያለው ቤት ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው፣ ባጃጅ የማይገባበት፣ ውሻው የሚያስፈራው። የደም ማነስ ደግሞ ሊበዛ የሚችለው እዚያ ነው፤ የአይረን ኪኒንም የማይደርሰው እዚያው ነው። ልጁ በምቾት የጻፈው የሄሞግሎቢን ልክ «11.8፣ 12.1፣ 12.4» ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲደርስ «እዚያ ቀበሌ ችግር የለም» ሆኖ ይነበባል። የተዘለለችው እናት በኑሮዋ አንዴ ተዘልላ በቁጥሩም ሁለተኛ ትዘለላለች። ሊያውም እኮ ፕሮቶኮልሽ ላይ ደሟ ከመጠን በታች የሆነች እናት በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች ብለሽ ጽፈሻል። ልጁ ያልሄደበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለች እናት ካለች፣ ዛሬም ማንም ሳያውቃት እየደከመች ነው።

ጥቂት ማለት ምን ያህል እንደሆነ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በየካቲት 1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር «ላንሴት» ላይ ጽሑፍ አወጣ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። የጥናቱ ልጆች 12 ብቻ ነበሩ። በኋላ ብራያን ዲር የሚባል ጋዜጠኛ ጉዳዩን ሲቆፍር፣ ሐኪሙ በክትባት አምራቾች ላይ ክስ ከሚያዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ወጣ። የሐኪሞችን ሥነ ምግባር የሚቆጣጠረው የአገሩ ምክር ቤት ደግሞ ልጆቹ ላይ ተገቢ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይኖር ከባድ ምርመራ መደረጉን አረጋገጠ። ከማኅደሩ ሁሉ አንዱ ነገር ከልቤ አይወጣም፤ ለጥናት የሚሆነውን ደም በገዛ ልጁ የልደት ድግስ ላይ ከተጋበዙ ሕፃናት አስቀድቶ ለእያንዳንዳቸው አምስት ፓውንድ ሰጥቷል። «ላንሴት» ጽሑፉን የሰረዘው በ2010 ነው፣ ከ12 ዓመት በኋላ። በእነዚያ ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ክትባቱን የሚያስከትብ ወላጅ ቁጥር አሽቆለቆለ፤ ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሚኒሶታ ያሉ የሶማሌ ቤተሰቦች ዘንድ ደረሰ፤ ዌክፊልድም ራሱ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። በ2017 እዚያ ኩፍኝ ሲነሳ ከታመሙት አብዛኞቹ የጎረቤቶቻችን የሶማሌ ልጆች ነበሩ። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ጥቂት ገጽ ጽሑፍ። ስለዚህ ማንም «ጥቂት ነው» ሲልሽ አትቀበዪው።

አማካሪሽ «ኢቲካል ክሊራንስ አለን፣ የጎደለን የለም» ማለታቸውንም ጽፈሽልኛል። ክሊራንሱ፣ ማለትም የሥነ ምግባር ፈቃዱ፣ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ አንድ ደጃፍ እንኳ ማንኳኳት አይገባም። ግን ማኅተሙ የሚያረጋግጠው አደርገዋለሁ ያልሽውን እንጂ ያደረግሽውን አይደለም። ከአገራችን የምኮራበትን ሥራ ልጥቀስልሽ። ወላይታ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፣ እኛ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ እነ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ጌል ዴቪ። በሽታው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚያጠቃ ነው። ሕዝቡ ደግሞ በዘር የሚመጣ ነው ብሎ ስለሚያምን በሽታው ካለበት ቤት ልጅ ማግባትና ለዚያ ቤት ልጅ መዳር ይፈራል። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት የዘረ መል ጥናት ነበር። አስቢው እንግዲህ፤ ሰው ቤት ገብቶ ደም እየወሰዱ «በዘራችሁ ውስጥ ያለውን እንፈልጋለን» ማለት፣ የሰፈሩን ሐሜት በነጭ ጋዋን ማጽደቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ጥናቱ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሌላ ጥናት አደረጉ። ሕዝቡ ምን እንደሚያስፈራው፣ ማንን እንደሚያምን፣ ፈቃዱን እንዴት ቢጠይቁት እንደሚገባው አጠኑ፤ ያገኙትንም በ2009 አሳተሙ። የዘረ መል ጥናቱ በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ ወጣ፤ በዓለም ካሉት የሕክምና ጆርናሎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የጠያቂዎቹ ትዕግሥት ሥራውን አላዘገየውም፤ አጸናው እንጂ።

አንቺም ስትሠለጥኚ ይህን ያደረግሽ ነሽ፤ መስክ ላይ አይቼሻለሁ። ያቺ «ፈርሚ» ስትባል የደነገጠች እናት ትዝ ይልሻል? ፊርማ የመሬት ግብር ወይም የማዳበሪያ ዕዳ መስሏት ነበር። አንቺ ወረቀቱን አስቀምጠሽ አጠገቧ ጉልቻው ዳር ተቀመጥሽ፤ ደሙ ለምን እንደሚወሰድ፣ ስንት ጠብታ እንደሆነ፣ እንቢ ብትል ጤና ጣቢያው እንደማይቀየማት ነገርሻት። ከዚያ ራሷ ጣቷን ዘረጋች። እሷ የሰጠችሽ አንድ ቁጥር ቤቱ ተቀምጦ ልጁ ከፈጠረው ቁጥር ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ተደምሮ እንዲታተም እኔ አልፈቅድም፤ አንቺም እንደማትፈቅጂ አውቃለሁ።

ልጁን ግን አታጥፊው። አበሉ ስንት ሳምንት እንደዘገየበት፣ ቀበሌው ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ መጀመሪያ ጠይቂው። በቅጽ ብዛት የምንከፍለው እኛ ነን፤ ብዛት የምንገዛውም እኛ። ጥፋቱን በግልጽ ንገሪው፣ ከእንግዲህ በዚህ ጥናት አይሠራም፣ ግን በሰው ፊት ሳታዋርጂ አሰናብቺው።

አሁን ደግሞ የትምህርት ክፍላችሁ ኃላፊ ስም ከጽሑፍሽ ደራሲዎች መካከል ይግባ ስለ መባሉ ልንገርሽ። ፕሮፖዛሉን አላነበቡም፣ መስክ አልወጡም፣ ትንተናውን አላዩም፤ «ዕድገት ሊጠይቁ ስለሆነ ስማቸው ይግባ» ተባልሽ። ጫናው ይገባኛል። ነገ ፈርመው የሚያስመርቁሽ እሳቸው ናቸው፤ ይሉኝታውም አለ። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች የሚመሩበት ደንብ ግን ደራሲ የሚባለውን ሰው በግልጽ ለይቶታል። በሥራው አሳብ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በጥልቀት ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ የተስማማ፣ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን የፈቀደ፤ አራቱም አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርሺ ስም ክብር ብቻ እንዳልሆነ ይገባሻል። የዌክፊልድ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ከነበረው 13 ሰዎች አሥሩ በ2004 በአደባባይ ወጥተው «ያን ትርጓሜ አንደግፍም» ብለው መፈረም ግድ ሆነባቸው። ለኃላፊው ይህንኑ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ «ጋሼ፣ ጆርናሉ እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ትንተናውን አብረውኝ ቢያዩልኝና ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል» በይ። እውነትም ቁጭ ብለው ከሠሩ ስማቸው ይግባ፣ ሐቃቸው ነው። ካልሠሩ ምስጋናው ውስጥ አመስግኛቸው። እዚያው ምስጋና ውስጥ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና በአግባቡ የሠሩትን ዳታ ሰብሳቢዎች በስማቸው ጥሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ያ «የተከበሩ ታላቅ ፕሮፌሰር» እያለ ኢሜይል የጻፈልሽ ጆርናል ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ገና ማስተርስሽን ሳትጨርሺ ፕሮፌሰር ያደረገሽ፣ ጽሑፉን ሳያይ «በሦስት ቀን እናትማለን» ያለሽ፣ ሒሳብ ቁጥሩን አስቀድሞ የላከልሽ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው። በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ማንም ንቁ ገምጋሚ በቶሎ የሚያገኛቸው ከባድ ስሕተቶች ያሉበት የፈጠራ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት። ለደራሲዎቹ የመረጠላቸው ስም አፍሪካዊ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ አንዱንም አስመራ ውስጥ አለ የተባለ የሌለ ተቋም ባልደረባ አድርጎታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። እኛ ስማችንን ርካሽ ቦታ ባስቀመጥን መጠን፣ በእውነት የሠራ የእኛ ሰው ሥራ ሲላክ በጥርጣሬ ይከፈታል። ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ግን የሌባ ምልክት አይደለም። ብዙ ታማኝ ጆርናሎች ያስከፍላሉ፤ ብዙዎቹም ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች ደራሲዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናልም አገርሽ ውስጥ አለ። የትም ላኪው፣ ብቻ አንብቦ የሚሞግትሽ ገምጋሚ ያለበት ይሁን። የገምጋሚ ወቀሳ ሲመጣ ታለቅሺ ይሆናል፤ አልቅሰሽ ስታበቂ አስተካክዪው።

የሚያስፈራሽ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። መልእክትሽን «እኔ ማነኝና ነው?» ብለሽ ነው የጨረስሽው፤ መልሴ ይህ ታሪክ ነው። አላባማ ውስጥ መኮን በሚባል አውራጃ፣ ከ1932 ጀምሮ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት 400 የሚሆኑ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክም በሽታው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርጋቸው ይከታተል ነበር። የተነገራቸው «ደማችሁ መጥፎ ነው» የሚል ብቻ ነው። ፔኒሲሊን መድኃኒታቸው እንደሆነ ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ሚስጥር ደግሞ አልነበረም፤ ከ1936 ጀምሮ በሕክምና ጆርናሎች ላይ እየታተመ ሐኪሞች ሲያነቡት ኖረዋል። በ1965 አንዱን ጽሑፍ ያነበበ ኧርዊን ሻትዝ የሚባል ወጣት ሐኪም፣ ሕክምና እያለ ሰው እንዲሞት መተው እንዴት ይሆናል ብሎ ለጸሐፊዎቹ ደብዳቤ ላከ። ማኅደሩ ውስጥ በኋላ የተገኘው ማስታወሻ እንደሚለው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ነበር፤ መልስ እንደማይሰጡትም ተጽፎበታል። ጥናቱ የቆመው በ1972 ነው፣ ፒተር ባክስተን የተባለ የዚያው አገልግሎት የቀድሞ ሠራተኛ ጉዳዩን ለጋዜጠኛ ካሳወቀ በኋላ። እንግዲህ ብዙ ታዋቂዎች አንብበው ዝም ሲሉ፣ ከተናገሩት መካከል እነዚህ ሁለቱ ማንም የማያውቃቸው ወጣቶች ነበሩ። ያንቺ ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚጠየቀው ድፍረትም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ከአማካሪሽ ጋር ስትገናኙ የታብሌቱን ሰዓትና የኩቬቱን ቆጠራ ይዘሽ ግቢ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብዙ ተማሪ የሚያማክሩና የደከማቸው ናቸው፤ ማስረጃውን ሲያዩ የሚሰሙሽ ይመስለኛል። የዚያን ቀበሌ ቅጾች በሙሉ አውጪያቸው፤ ማውጣትሽንም ከነምክንያቱ የዘዴው ክፍል ውስጥ ጻፊ፣ የፈቀደልሽንም ኮሚቴ አሳውቂ። ከዚያ ቀበሌው እንደ አዲስ ይጠና። የአበሉን ነገር አትጨነቂ፣ እኔ እሸፍነዋለሁ፤ ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። ክረምቱ ሳይገባና ወንዙ ሳይሞላ ሂጂ፤ ደሟ ያነሰ እናት ካገኘሽ በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ ለመጓጓዣዋም ከዚያው ገንዘብ ስጪያት። ከአማካሪሽ ጋር የተባባላችሁትን ሳታሳድሪ ጻፊልኝ።

በጣም የምትወድሽ አክስትሽ